በግብራችን አስረዱን እንጂ አትቀስቅሱን

የማውቃቸው አንዲት እናት ምርጫ በመጣ ቁጥር ይደውሉልኛል። አሜሪካ ከገቡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። ዜግነት ወስደዋል፤ አንድም ምርጫ አያመልጣቸውም። በፖስታ የመጣላቸውን የድምፅ መስጫ ወረቀት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ይጠብቁኛል። ስለ ፕሬዚዳንቱ እኔን አይጠይቁኝም። ስለ ሴናተሩም እንደዚያው። ወረቀቱ ሲገለበጥ ግን «ልጄ፣ ይኼ ደግሞ ምን ይላል?» ይሉኛል።

ከጀርባው ያለው የሰው ስም አይደለም፤ ጥያቄ ነው። ትምህርት ቤት ለማደስ ቦንድ ይሸጥ ወይ? የንብረት ታክሱ ይጨመር ወይ? የካውንቲው ደንብ ይለወጥ ወይ? አንዱ ዓረፍተ ነገር ስምንት መስመር ይፈጃል፤ ነጥብ የሚያገኙት መጨረሻው ላይ ነው። በቀደም አንዱን አንብቤ፣ ተርጉሜ ስጨርስ፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ። «በዓመት ከእኔ ስንት ይወስዳል?»

ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

አጠገቡ ግን የአካባቢው መስተዳድር የላከው የሚያብረቀርቅ ፍላየር ተቀምጧል። ላዩ ላይ የሚስቁ ሕጻናት አሉ። ጥያቄው ካልጸደቀ የሚዘጉት አገልግሎቶች ተዘርዝረዋል። «እሺ በሉ» የሚል ቃል የትም ቦታ የለም። እሳቸው ግን ገና ሲያዩት ገባቸው፤ «እሺ በሉ ማለታቸው ነው አይደል?» አሉኝ።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይኸው ነው። መስተዳድሮች በሕዝብ ገንዘብ ስለ ድምፅ መስጫ ጥያቄዎች ሕዝቡን ማስተማር ይችላሉ? ከቻሉ እስከ ምን ድረስ? ማስረዳቱ የት ላይ አብቅቶ ቅስቀሳው የት ይጀምራል?

አብዛኞቻችን ህዝበ ውሳኔ ሲባል የሚታወሰን ትልቅ ነገር ነው። ሲዳማ ክልል ይሁን ወይስ አይሁን ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2019 እንደተጠየቀው ዓይነት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ ውስጥ ግን ህዝበ ውሳኔ የሰርክ ነገር ነው። የቤተ መጻሕፍት ጣሪያ፣ የእሳት አደጋ መኪና፣ የአውቶቡስ መስመር ሳይቀር ለድምፅ ይቀርባል። ጥያቄውን ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው መስተዳድሩ ራሱ ነው። ገንዘቡ ከጸደቀ የሚቀበለውም እሱ ነው። ስለ ጥያቄው የሚያስረዳንም መልሶ እሱ ነው። ችግሩ የሚመነጨው እዚህ ላይ ነው።

የክርክሩ መነሻ ከሚባሉት ጉዳዮች አንዱ የኒው ጀርሲ ነው። የፓርሲፓኒ ትሮይ ሂልስ የትምህርት ቦርድ አዲስ ክፍሎች ለመሥራት ቦንድ ፈለገ። በቦርዱ ገንዘብ 18 ገጽ ያላት መጽሔት አሳትሞ አሠራጨ። አብዛኛው ገጽ መረጃ ነበር፤ ስንት ተማሪ አለ፣ ስንት ክፍል ይጎድላል፣ ወጪው ስንት ነው የሚል። ሦስት ገጾች ግን «አዎ ብላችሁ ምረጡ» ይላሉ፤ አንድ ገጽ ደግሞ ቦንዱ ካልጸደቀ የሚመጣውን መዓት ሁሉ ደርድሯል። ግብር ከፋዮች ከሰሱ። በ1953 ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ዊልያም ብሬናን ነበሩ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት። የብሬናን ሐሳብ ቀላል ነበር። ቦርዱ እውነቱን ለሕዝብ ማቅረብ ይችላል፤ እንዲያውም ይገባዋል። ነገር ግን ገንዘቡ የደጋፊውም የተቃዋሚውም ነው። የሁሉንም ገንዘብ ይዞ ለአንዱ ወገን መቀስቀስ፣ ለሌላው ወገን ቦታ ሳይሰጡ፣ ከሥልጣኑ ውጭ ነው።

መረጃው አለፈ፤ ቅስቀሳው ወደቀ። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት አለ። ቅስቀሳ ሁሌም በጩኸት አይመጣም። ጥቂት ገጽ ይበቃዋል።

ካሊፎርኒያ ይህን ሐሳብ ወደፊት ገፋችው። በ1974 ለፓርኮች የሚውል የቦንድ ጥያቄ ቀርቦ ነበር። የግዛቲቱ ፓርኮች መምሪያ ኃላፊ ከ5,000 ዶላር በላይ የመንግሥት ገንዘብ ቦንዱን ለማስተዋወቅ እንዲወጣ ፈቀዱ። አንድ ግብር ከፋይ ከሰሰ። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1976 በሰጠው ውሳኔ ዛሬም ድረስ የሚሠራበትን መለኪያ አስቀመጠ። አንዳንዱ ነገር ክርክር አያስፈልገውም፤ የመኪና ስቲከር፣ ፖስተር፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ግልጽ ቅስቀሳ ነው። ሌላው ግን ሦስት ነገር ታይቶ ይመዘናል። ጽሑፉ እንዴት ተጻፈ? ቃናው ምን ይመስላል? መቼ ወጣ?

ሦስተኛዋ ጥያቄ ላይ ቆም እንበል። ዓመቱን ሙሉ ከቢሮው ምንም ጽሑፍ ደርሶን የማያውቅ መስተዳድር፣ ድምፅ መስጫው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ባለ ቀለም ፍላየር ከላከ፣ ቃሉ የቱንም ያህል ለስላሳ ቢሆን ጊዜው ራሱ ይናገራል።

እዚያው ካሊፎርኒያ ወዳለችው ሳሊናስ ከተማ እንሂድ። በ2002 የከተማዋ ነዋሪዎች በመብራት፣ በውሃና በስልክ ላይ የሚከፈለውን ታክስ እንዲሰርዙ ተጠየቁ። ምክር ቤቱ ታክሱ ከተሰረዘ የትኞቹ አገልግሎቶች እንደሚቀነሱ አስቀድሞ ወሰነ። ውሳኔውን ድረ ገጹ ላይ አወጣ፤ በአንድ ገጽ አሳጥሮ ለሚፈልግ ሰው አስቀመጠ፤ በየጊዜው ለነዋሪዎች በሚልከው ዜና መጽሔት ላይም ጻፈ። ታክሱ እንዲሰረዝ የፈለጉት ወገኖች «ይህ ማስፈራራት ነው» ብለው ከሰሱ። ፍርድ ቤቱ በ2009 ለከተማዋ ፈረደ። ምክር ቤቱ የወሰነውን ነው የነገራችሁ፤ ሕዝብ ደግሞ ይህን የማወቅ መብት አለው አለ።

እኔ በዚህ ፍርድ እስማማለሁ። ግን ቅር የሚለኝ ነገርም አለ። ምን እንደሚዘጋ መንገር እውነት ነው፤ ሙሉው እውነት ግን አይደለም። ታክሱ ቢሰረዝ አንድ ቤተሰብ በወር ስንት ይቀርለታል? ሌላ የሚቀነስ ወጪስ አልነበረም? ፍርድ ቤት የተጻፈውን ይመዝናል። ያልተጻፈውን ማን ይመዝን?

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ትልቅ ገንዘብ ገባ። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ፣ እኛ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ትንሿ ኢትዮጵያን የምናውቅበት ካውንቲ፣ በመጋቢት 2017 በእያንዳንዱ ዶላር ግዢ ላይ ሩብ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ እንዲጨመር ሕዝቡን ጠየቀ። ገንዘቡ ቤት ለሌላቸው ሰዎች አገልግሎት የሚውል ነበር። ዓላማው መልካም ነበር፤ በዚህ አልከራከርም። ካውንቲው ግን በሕዝብ ገንዘብ ማስታወቂያ አሠራ። እሱ «መረጃ ነው» አለ። የግብር ከፋዮች ማኅበርና የግዛቲቱ የምርጫ ገንዘብ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን «ቅስቀሳ ነው» አሉ። ጥያቄው ጸደቀ። ካውንቲው ደግሞ በ2020 ጉዳዩን ለመዝጋት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማማ።

ይህ ገንዘብ ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ማስታወቂያው በግብራችን ተሠራ። ቅጣቱም በግብራችን ተከፈለ።

የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የባቡር ድርጅት ባርት ጉዳይም ይህንኑ ያሳያል። በ2016 የ3.5 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ጠይቆ አጸደቀ። ለቪዲዮና ለስልክ መልእክት ያወጣውን ገንዘብ እንደ ቅስቀሳ ወጪ አላስመዘገበም ተብሎ በኋላ ተቀጣ። ቅጣቱ 7,500 ዶላር ነበር። 3.5 ቢሊዮን ላገኘ ድርጅት 7,500 ዶላር ምኑ ነው? እንዲህ ያለ ቅጣት የሚያስፈራው ትንንሾቹን ብቻ ነው። የገጠር ትምህርት ቤት ቦርድ ይደነግጣል፤ ትልቁ ግን እንደ ማስታወቂያ ወጪ ቆጥሮት ያልፋል።

ሁሉም ቦታ እንዲህ አይደለም። ሜሪላንድን ተመልከቱ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ነዋሪ የሆነ፣ በተለይ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ወገን፣ 2012ን ያስታውስ ይሆናል። የካውንቲው ምክር ቤት የፖሊስ ማኅበሩ የነበረውን አንድ የመደራደር መብት በሕግ ሻረ። ማኅበሩ ፊርማ አሰባስቦ ጉዳዩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረበው። የካውንቲው አስተዳደር ዝም ብሎ አልጠበቀም። የካውንቲውን ገንዘብና ሠራተኛ ይዞ ሕጉ እንዲጸድቅ ቀሰቀሰ። ሕዝቡ ሕጉን አጸደቀው። ማኅበሩ ከሰሰ፤ የሜሪላንድ የበላይ ፍርድ ቤት ግን በ2013 ለካውንቲው ወሰነ። መስተዳድር ያወጣውን ሕግ በራሱ አንደበት መከላከል ይችላል ነው ነገሩ።

ይህን አመለካከት የሚደግፉ ሰዎች ክርክራቸው ቀላል አይደለም። የመረጥናቸው ሰዎች አቋም እንዲኖራቸው ነው የመረጥናቸው ይላሉ። ሌላው ወገን፣ ኩባንያውም ሆነ ማኅበሩ፣ የፈለገውን ያህል ገንዘብ ሲያፈስ መንግሥት አፉን ይዞ ይቀመጥ ወይ? ይላሉ። ከባድ ጥያቄ ነው። የእኔ መልስ ግን ይኸው ነው። ከንቲባው በስብሰባ ላይ ተነስተው «እኔ እደግፈዋለሁ» ይበሉ፤ በጋዜጣ ይጻፉ፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ በራሳቸው ገንዘብ ይቀስቅሱ። አፋቸው የራሳቸው ነው። ካዝናው ግን የእሳቸው አይደለም። የፖሊስ ማኅበሩ አባል የሆነ የካውንቲው ነዋሪ፣ በከፈለው ግብር በራሱ ላይ ሲቀሰቀስበት ምን ይሰማዋል?

አንድ ነገር በመሃል ላንሳ። በሞንትጎመሪው ጥያቄ «ደግፌያለሁ» ማለት የምክር ቤቱ ሕግ ይቆይ ማለት ነበር። በሳሊናሱ ደግሞ «አዎ» ማለት ታክሱ ይሰረዝ ማለት ነበር። ስንቶቻችን ነን «አዎ» ያልነው «አይ» ለማለት ፈልገን? ማስረዳት የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ «አዎ» ብትሉ ይህ ይሆናል፣ «አይ» ብትሉ ያ ይሆናል የሚል ሁለት መስመር።

ዋሺንግተን ግዛት መሃል መንገድ ይዛለች። የመንግሥት ቢሮ፣ ኢሜይልና የሥራ ሰዓት ለቅስቀሳ እንዳይውል ሕጉ ይከለክላል። ምክር ቤት ግን ለሕዝብ ክፍት በሆነ ስብሰባ ላይ፣ ለተቃዋሚው እኩል ዕድል ከሰጠ፣ አቋሙን በድምፅ መወሰን ይችላል። ስለ አንድ ጥያቄ ሚዛናዊ መረጃ ለነዋሪው ሁሉ በፖስታ መላክም የተለመደ ነው፤ ተቆጣጣሪው አካል አንድ ጊዜ ይበቃል ባይ ነው። ከዚህ በላይ ግን የመራጮች መጽሔት አለ። የመስተዳድሩ ጠበቃ ጥያቄውን ያብራራል። ከሥሩ የደጋፊዎች ጽሑፍና የተቃዋሚዎች ጽሑፍ ጎን ለጎን ይወጣል።

ልቤን የሚወስደው ግን የኮሎራዶ አሠራር ነው። አውሮራና ዴንቨር ያላችሁ ታውቁታላችሁ። በ1992 ሕዝቡ ሕገ መንግሥቱ ውስጥ ባስገባው ድንጋጌ መሠረት፣ የታክስ ጭማሪ ጥያቄ ሲጻፍ ከአናቱ ጭማሪው በመጀመሪያው ዓመት ስንት ዶላር እንደሚሆን መናገር አለበት። መጀመሪያ ዋጋው፣ ከዚያ ሕልሙ። ለመራጮች ቤት ደግሞ ማስታወቂያ በፖስታ ይላካል። ውስጡ የደጋፊ አስተያየት ማጠቃለያ አለ፣ እስከ 500 ቃል። የተቃዋሚም እንዲሁ እስከ 500 ቃል። አስተያየቱን የሚጽፈው ማን ነው? እዚያው የተመዘገበ ማንኛውም መራጭ። ታክሲ ነጂ ይሁን፣ ነርስ ይሁን፣ ምግብ ቤት ያለው ሰው ይሁን። በሌላ ሕግ ደግሞ የመንግሥት ገንዘብ ለቅስቀሳ መዋሉ ተከልክሏል። መስተዳድር ማብራሪያ ቢያወጣ የሁለቱንም ወገን ክርክር መያዝ አለበት፤ የራሱን ድምዳሜ መጨመር አይችልም። ባለሥልጣን አቋሙን ሲገልጽ ለደብዳቤና ለስልክ ከሕዝብ ገንዘብ እንዲያወጣ የተፈቀደለት እስከ 50 ዶላር ነው።

50 ዶላር! የሎስ አንጀለሱን ሚሊዮን አስታውሱና አወዳድሩት።

ጉድለት የለበትም አልልም። ማስታወቂያው ደረቅ ነው። ፊደሉ ትንሽ፣ ገጹ ብዙ። አስተያየት የሚጽፍ ሰው ሲጠፋ ደግሞ ቦታው ላይ «በጊዜ ገደቡ ውስጥ የቀረበ አስተያየት የለም» የሚል ብቻ ይታተማል።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ ነገር እንነጋገር። እስከ አሁን ያነሳሁት ክርክር ሁሉ መስተዳድሩ ብዙ ተናገረ የሚል ነው። የእኛ ሰው ችግር ግን ብዙ ጊዜ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ምንም አልደረሰውም፤ የደረሰውም አልገባውም። የመስተዳድር ጠበቆች ክስ ስለሚፈሩ ማብራሪያውን በሕግ ቋንቋ ያጥሩታል። ገለልተኛ ይሆናል፣ እውነት ነው። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ግን ሦስት ጊዜ ያነበዋል። ለሥራ የሚሆን እንግሊዝኛ ብቻ ያለውስ? እሱ ገጹን ባዶ ትቶ ይልካል። ወይም የሚያብረቀርቀውን ፍላየር ያምናል፤ ምክንያቱም የሚገባው እሱ ነው። ገለልተኛው ጽሑፍ ሳይነበብ ሲቀር ሜዳው ለቅስቀሳው ይለቀቃል።

ቋንቋውም ጉዳይ አለው። የድምፅ መስጫ ወረቀት እንዲተረጎም የሚያስገድደው የፌዴራል ሕግ በ1975 የወጣ ነው። የሚሸፍነው ስፓኒሽን፣ የእስያ ቋንቋዎችን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችንና የአላስካን ቋንቋዎች ብቻ ነው። አማርኛ የለበትም። የአፍሪካ ቋንቋ በሙሉ የለበትም። አንድ ካውንቲ ውስጥ ያለን ሰዎች ብንበዛም ብናንስም፣ ይህ ሕግ ለእኛ አይሠራም። ስለዚህ የሚቀረው የአካባቢው መስተዳድር በራሱ ፈቃድ የሚያወጣው ገንዘብ ነው።

ፈቃዱ ያላቸው አሉ። ዋሺንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ መሠረት አማርኛ መንግሥት አገልግሎቱን ከሚተረጉምባቸው ዋና ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ይህ ቀላል አይደለም። በ2018 እና በ2022 በጉርሻ የሚሠሩ ሠራተኞች ደመወዝ ለድምፅ ሲቀርብ፣ ጥያቄው የቀጥታ የእኛ ነበር። አስተናጋጁም የምግብ ቤቱ ባለቤትም እኛው ነን፤ አንዳንዴ አንድ ቤት ውስጥ። ሲያትልን የያዘው ኪንግ ካውንቲ ደግሞ ፌዴራሉ ከሚያስገድደው ውጭ ቋንቋ ጨምሯል፤ ሶማሊኛን ጭምር። ሶማሊኛ እንደ አማርኛ ከፌዴራሉ ሕግ ውጭ ነው። ካውንቲው ከሲያትል ፋውንዴሽን ጋር ሆኖ ደግሞ የማኅበረሰብ ድርጅቶች ለወገናቸው የመራጭነት ትምህርት እንዲሰጡ ገንዘብ ያከፋፍላል።

እኔ መዋል አለበት የምለው የሕዝብ ገንዘብ ይኼ ነው። ለፍላየር የሚወጣው ዶላር ለተርጓሚ ይሁን። ተርጓሚው የሚተረጉመው ደግሞ የደጋፊውንም የተቃዋሚውንም ጽሑፍ ይሁን። በምሳ ሰዓት ሳይሆን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰዉ ባለበት ሰዓት ይነገር። ገንዘቡን የተቀበለ የማኅበረሰብ ድርጅትም ያው መለኪያ ይሠራበት። የእኛው ሰው በእኛው ቋንቋ ስለተናገረ ቅስቀሳው ማስተማር አይሆንም። እንዲያውም የምናምነው ሰው ሲሆን የበለጠ ይገፋናል።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ የፌዴራል መብትም አለ። ማንበብ የሚቸግረው መራጭ የሚረዳውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ መግባት ይችላል። ልጅ፣ ጎረቤት፣ ጓደኛ። አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪል፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ኃላፊ ወይም ወኪል ግን መሆን አይችሉም። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪውም ይሠራል።

ኮሎራዶ ያላችሁ ደግሞ አስተያየት የማስገቢያው ቀን ከምርጫው አንድ ወር ተኩል ገደማ ቀድሞ እንደሚያልፍ ያዙ። ታክሱን ብትደግፉም ብትቃወሙም ጻፉ። ያ «የቀረበ አስተያየት የለም» የሚለው መስመር እኛንም ይጨምራል።

ወደ እናታችን ልመለስ። ያን ቀን ፍላየሩን ወደ ጎን አደረግነው። የጥያቄውን ጽሑፍ እንደገና አነበብኩ። ውስጡ ተቀብሮ አንድ ቁጥር አገኘን፤ በእያንዳንዱ 1,000 ዶላር የቤት ግምት ላይ 25 ሳንቲም። ቤታቸው 450,000 ዶላር ተገምቷል። በስልኬ አባዛሁት። 112 ዶላር ከ50 ሳንቲም በዓመት። ዝም ብለው አሰቡ። «ከዘጠኝ ዶላር በላይ በወር» አሉ ለራሳቸው። ከዚያ የተቃዋሚዎቹን ጽሑፍ አንብብልኝ አሉኝ፤ አነበብኩላቸው። የደጋፊዎቹንም ደገምኩላቸው። እስክሪብቶውን አንስተው ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። እኔ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ። ስመለስ ፖስታው ታሽጓል።